ዋይድ ሌንስ (ሰፊ ቦታ የሚይዝ የካሜራ ሌንስ) ላይ ፊልተር (ፊቱን የሚከልል ጥርት ያለ መስታወት) ልግጠም ወይስ ባዶውን ልተወው?

ዋጋ
ፊልተር፦ የካኖን 16-35 ኤፍ 2.8 ሌንስ ሦስተኛው ስሪት 82 ሚሜ ስፋት ያለው ፊልተር ነው የሚፈልገው፣ በዚህ ስፋት ደህናው ውድ ነው፣ ርካሹ ደግሞ ባይገጠም ይሻላል።
ባዶ፦ ወጪ የለውም፣ ግን የዋይድ ሁድ (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ከለላ) አጭር ስለሆነ ብዙም አይከልልም።

ምስል
ፊልተር፦ ወፍራሙ 16 ሚሜ ላይ (ሌንሱ በጣም ሰፊ ሲሆን) የፎቶውን ጥግ ጥግ ያጠቁራል፣ ስሊም (ቀጭኑን) ግዙ። ማታ ደግሞ የመንገድ መብራት ወይ ጧፍ ፍሬም ውስጥ ከገባ መስታወቱ ያንጸባርቅና ሌላ ቦታ ላይ የመብራቱን ነጸብራቅ ያመጣል፣ ኤዲት ላይ እሱን ማጥፋት በጣም አድካሚ ነው።
ባዶ፦ ንጹህ።

አደጋ
ጎንደር ጥምቀት ላይ ውሃው ሲረጭ በዋይድ ተጠግታችሁ ስለምታነሱ መጀመሪያ የሚመታው የፊት መስታወቱ ነው፣ ፊልተር ካለ ጠረግ አድርጎ መቀጠል ነው።

ስለዚህ ውሃ፣ አቧራ፣ የዳሎል ጨው ካለ ግጠሙ፤ ኮከብና የሌሊት ከተማ ከሆነ ፍቱት።