ባዶው መድረክና በቦታው የሌለው ሰው፦ ስለ ፒንክ ፍሎይድ ፊልምና አልበም

የሮክ ወዳጆች ስንገናኝ አንድ ክርክር አይቀርም። ከእንግሊዙ የሮክ ባንድ ከፒንክ ፍሎይድ ሥራዎች የቱ ይበልጣል? አብዛኛው ሰው የ1973ቱን አልበም «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» ይጠራል፤ ወሬውም እዚያው ያልቃል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያው እል ነበር። አልበሙ ትልቅ ሥራ ነው፤ በሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ባንዱን በደንብ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሱ በፊት የተቀረፀውን ፊልም ይይ፣ ከሱ በኋላ የመጣውን አልበም ይስማ እላለሁ። ፊልሙ ተመልካች የሌለበት ኮንሰርት ነው። አልበሙ ደግሞ አጠገባቸው ለሌለ ሰው የተሠራ ነው። ሰሞኑን ፊልሙን ማታ አይቼ አልበሙን በማግስቱ ሰማሁት፤ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጡም።

ከፊልሙ ልጀምር። ስሙ «ላይቭ አት ፖምፔ» ነው፤ ዳይሬክተሩ አድሪያን ሜቤን። በኦክቶበር 1971 አራቱ የባንዱ ልጆች ዕቃቸውን ጭነው ጣሊያን ሄዱ። ቬሱቪየስ የተባለው እሳተ ገሞራ በ79 ዓ.ም. አመድ አልብሶ በቀበራት በፖምፔ ከተማ ውስጥ አንድ ጥንታዊ የሮማውያን ስታዲየም አለ። መሀሉ ላይ መሣሪያቸውን ዘርግተው ተጫወቱ። ሕዝብ የለም። ጭብጨባ የለም። ያሉት ፊልም ቀራጮቹና ዕቃ የሚያነሱት ሠራተኞች ናቸው። የኮንሰርት ፊልም ስናይ የለመድነው ግማሹ የሕዝብ ጩኸት ነው፤ እጁን ወደ ላይ የሚያወዛውዝ ወጣት፣ ከፊት ቆማ የምታለቅስ ልጅ። ሜቤን ያን ሁሉ ትቶ ሙዚቀኞቹን ከድንጋዩና ከፀሐዩ ጋር ብቻቸውን አስቀመጣቸው።

መክፈቻው «ኤኮስ» ነው። አልበም ላይ ከ23 ደቂቃ በላይ የሚሄደው ይሄ ዘፈን እዚህ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ፊልሙን ይከፍታል፣ ግማሹ ይዘጋል። የሪቻርድ ራይት ኪቦርድ ጉድጓድ ውስጥ እንደምትወድቅ የውኃ ጠብታ አንዲት ድምፅ ያሰማል። ካሜራው ከሩቅ ተነስቶ ቀስ እያለ ይጠጋል፤ አራቱ ሰዎች መጀመሪያ በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ ነጥብ ነው የሚያክሉት። የማይቸኩል ፊልም ነው፤ ለዚህ ነው የምወደው። ደግሞ ራይትና ዴቪድ ጊልሞር አብረው ሲዘፍኑ ድምፃቸው ከአንድ ጉሮሮ የወጣ ይመስላል። እባካችሁ እሱን በስልክ ስፒከር እንዳትሰሙት።

ለኔ ግን የፊልሙ ልብ «ዋን ኦቭ ዚዝ ዴይስ» ነው። ከሌሎቹ ካሜራዎች የተቀረፀው ፊልም በመጥፋቱ እዚህ ዘፈን ላይ የምናየው በአብዛኛው ድራመሩን ኒክ ሜሰንን ነው። ጉድለት መሆን የነበረበት ነገር በረከት ሆነ። ዘፈኑ በጦፈበት ሰዓት አንዱ ዱላ ከእጁ ያመልጠዋል። ፊቱ ላይ ድንጋጤ የለም። በአንድ እጁ ምቱን እንደያዘ ሌላኛውን እጁን ይልካል፣ አዲስ ዱላ ያነሳል፣ ይቀጥላል። ምቱ አልተሰበረም! ቪዲዮውን መልሼ መልሼ አይቼዋለሁ። ብዙ ሰው ሜሰንን ከታላላቆቹ ድራመሮች ተራ አያስገባውም፤ እነዚያን ጥቂት ሰከንዶች ያየ ሰው ግን ሐሳቡን ይቀይራል ብዬ አምናለሁ።

የማይመቹኝ ነገሮችም አሉ። በመጀመሪያ ፖምፔ ላይ የተቀረፁት ዘፈኖች ሦስት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ፓሪስ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተሠሩት፣ ልዩነቱም ዓይን ውስጥ ይገባል። ውሻ የሚያላዝንበት አጭር ብሉዝ አለ፣ እሱን እዘለዋለሁ። የሚፈላ ጭቃና ላቫ የሚያሳዩት ቦታዎችም ተደጋገሙብኝ፤ አንዴ ካየነው ገብቶናል። በኋላ የተጨመሩት የለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ትዕይንቶች ላይ ግን ሐሳቤ ሁለት ቦታ ነው። «ዳርክ ሳይድ»ን ሲሠሩ ማየት ብርቅ ነው። ጊልሞር ጊታሩን ሲሞክር፣ ሮጀር ዋተርስ ኪቦርድ ላይ አጎንብሶ ድምፅ ሲያጣምም ማን ማየት ይጠላል? ግን ከዚያ ሁሉ ፀጥታና ድንጋይ አውጥተው ድንገት ካፌ ውስጥ ምግብ ሲበሉ ሲያሳዩኝ የያዘኝ ስሜት ብን ይላል።

ካያችሁት ደግሞ በ2025 የታደሰውን እዩት። ከዋናው ባለ 35 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ በ4ኬ ተዘጋጅቷል፤ ድምፁን እንደገና ሚክስ ያደረገው ስቲቨን ዊልሰን ነው። ድሮ ድፍን ይል የነበረው ቤዝ ጊታር አሁን እያንዳንዱ ክር ይለያል። አቧራው ሳይቀር ይታያል።

ወደ አልበሙ ልምጣ። «ዊሽ ዩ ወር ሂር» የወጣው በሴፕቴምበር 1975 ነው። አምስት ትራክ ብቻ፣ ጠቅላላ 44 ደቂቃ ገደማ። ባንዱን ካቋቋሙት አንዱ የሆነው ሲድ ባሬት አእምሮው ታውኮ በ1968 ከነሱ ተለይቷል፤ አልበሙ ከዳር እስከ ዳር የሱን ጥላ ይዟል። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ግን መድገም አለብኝ። ጁን 5 ቀን 1975 አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ ስለሱ የተሠራውን «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» እያስተካከሉ ሳለ አንድ ወፍራም ሰው ገባ። ፀጉሩን ተላጭቷል፣ ቅንድቡን ሳይቀር። ማን እንደሆነ ወዲያው ያወቀ አልነበረም። ሲድ ነበር። ይሄን ካወቅኩ በኋላ አልበሙን እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም።

«ሻይን ኦን» ሲጀምር ረጅም የኪቦርድ ድምፅ አለ፣ ጭጋግ የመሰለ። ከዚያ ወደ አራተኛው ደቂቃ ገደማ ጊልሞር አራት ኖታ ብቻ ይመታል። አራት! ፀጥታ። ደግሞ ያንኑ አራት። የሰውን ስም እየጠራ መልስ የሚጠብቅ ይመስላል። የሰው ድምፅ እስኪገባ ከ8 ደቂቃ በላይ መጠበቅ አለባችሁ። ትዕግሥት የሌለው ጓደኛ ካላችሁ በዚህ ዘፈን አትጀምሩለት። እኔ ግን አንዲት ደቂቃም አልቀንስም፤ ጥበቃው ራሱ ነው ዘፈኑ።

መሀል ያሉት ሁለቱ ዘፈኖች ስለ ሙዚቃ ንግድ ናቸው። «ዌልካም ቱ ዘ ማሺን» ቀዝቃዛ ነው፤ እንዲቀዘቅዝ ሆነ ተብሎ ቢሠራም ብዙ አይደርሰኝም። «ሃቭ ኤ ሲጋር»ን የዘፈነው ከባንዱ ውጪ ያለው ሮይ ሃርፐር ነው፤ በጣም ይሄድለታል፣ ያንን አፉ ላይ ቅቤ የተቀባ የኩባንያ አለቃ አንጀት በሚያርስ ሁኔታ ይጫወተዋል።

ከዚያ የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ይመጣል። ሬዲዮ ጣቢያ ሲቀያየር ይሰማል። ቀጭን፣ በሬዲዮ ውስጥ የሚመጣ የሚመስል ጊታር ይጀምራል። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የራሱን ጊታር አንስቶ አብሮት መጫወት ይጀምራል። በሄድፎን ስትሰሙት ሰውየው ሲያስል ሁሉ ይሰማል። ያንን ሳል ብዙ ፕሮዲዩሰር ይቆርጠው ነበር። እነሱ ግን ተዉት፤ ለዚህ ነው ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር አጠገባችሁ ሰው ያለ የሚመስላችሁ።

አልበሙ በ«ሻይን ኦን» ሁለተኛ ክፍል ይዘጋል። መጨረሻው አካባቢ ጊታሩም ድራሙም ይርቁና መድረኩ ለራይት ይለቀቃል። ድምፁ እየራቀ ሊጠፋ ሲል አትዝጉት፣ ቮልዩሙን ጨምሩ። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ውስጥ ራይት ጣቱን ልኮ «ሲ ኤሚሊ ፕሌይ» ከሚለው ዘፈን አንዲት ቁራጭ ዜማ ይመታል። ያንን ዘፈን በ1967 የደረሰው ሲድ ነው።