95 ዶላሩ ዲፖዚት አልነበረም፦ የመጀመሪያ ክሬዲት ካርድ ለምታወጡ ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖቼ ነው። በተለይ በቅርቡ በዲቪ ለመጣችሁና ልጃችሁ 18 ዓመት ለሞላው። ታናሽ ወንድሜ የገባበት ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ልጅ እንዳይገባ ብዬ ነው።

ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። ከመጣ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። አሌክሳንድሪያ ከእኔ ጋር ይኖራል። ቀን ኮሌጅ ይማራል፣ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል። ከመጣ ጀምሮ ያገኘው ሰው ሁሉ «ክሬዲት ገንባ» ይለዋል፤ ተበድረህ በሰዓቱ እንደምትከፍል የሚያሳይ ታሪክ ይኑርህ ማለት ነው። ቤት ለመከራየት ክሬዲት፣ መኪና ለመግዛት ክሬዲት። እንዴት እንደሚገነባ ግን ቁጭ አድርጎ ያስረዳው ሰው አልነበረም። እኔም አላስረዳሁትም። ይኼ እስካሁን ይቆጨኛል።

ባንኩ ጋ ሄዶ ካርድ ጠይቆ ነበር፤ «የክሬዲት ታሪክ የለህም» ብለው መለሱት። ከዚያ አንድ ቀን በስሙ ፖስታ መጣ። ውስጡ ካርድ የሚመስል ፕላስቲክ ተለጥፎበታል። ከላይ በትልልቅ ፊደል «እንኳን ደስ አለህ! ተፈቅዶልሃል» ይላል። የተባረረ ልጅ እንዲህ ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኩን አውጥቶ ፎርሙን ሞላ። መጨረሻ ላይ ካርዱን ለማውጣት 95 ዶላር ክፈል አለው። በዴቢት ካርዱ ከፈለ።

በኋላ ለምን እንደከፈለ ስጠይቀው «ዲፖዚት መስሎኝ ነዋ፤ ይመለሳል ብዬ» አለኝ።

አይመለስም። ብዙ ልጆች የሚሸወዱት እዚች ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። የክሬዲት ታሪክ ለሌለው ሰው ሁለት ዓይነት ካርድ አለ። አንደኛው ሴኪዩርድ ካርድ ይባላል። ለምሳሌ 200 ዶላር ታስይዛላችሁ፣ 200 ዶላር ሊሚት (መበደር የምትችሉት ጣሪያ) ይሰጣችኋል። ዕዳችሁን ከፍላችሁ ስትዘጉት ወይም ወደ መደበኛ ካርድ ሲያሳድጓችሁ ያስያዛችሁት ገንዘብ ይመለሳል። ዓመታዊ ክፍያ የሌላቸው ሞልተዋል። ሁለተኛው ወንድሜ ያወጣው ነው። ምንም አያስይዝም፤ ለዚህ ነው የሚማርከው። ዋጋውን የሚወስደው በክፍያ ነው፣ የወሰደውንም አይመልስም።

ካርዱ መጣ። ሊሚቱ 300 ዶላር ነው። አንድ ሳንቲም ሳያወጣበት የመጀመሪያው ስቴትመንት (የወሩ ሂሳብ መግለጫ) ላይ 75 ዶላር ዕዳ ተጽፏል፦ የዓመት ክፍያ። ስለዚህ በእጁ የቀረው 225 ነው። ክረምት እየገባ ስለነበር በ187 ዶላር ጃኬትና ጫማ ገዛበት። ዕዳው 262 ሆነ። ወለዱ በዓመት 36 በመቶ ስለሆነ በወር ወደ 8 ዶላር ይጨምራል። በፈተና ሰሞን መክፈያው ቀን በ5 ቀን አለፈበት፤ 30 ዶላር መቀጫ ተጫነ።

አንድ ማታ ወረቀቶቹን ሁሉ ሰብስቦ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልኝ። ካልኩሌተር ይዘን ደመርን። 95፣ 75፣ 30። ወለዱን ሳንቆጥር 200 ዶላር። 225 ዶላር ለመበደር 200 ዶላር ከፍሏል ማለት ነው። ዝም ብሎ ቁጥሩን ሲያየው ቆየና «የሁለት ሳምንት ቲፔ እኮ ነው» አለ።

የባሰው ደግሞ ገና ነበር። ካርዱን ያወጣው ክሬዲት ሊገነባ አይደል? በብዛት የሚሠራበት የክሬዲት ነጥብ ፋይኮ ይባላል፤ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። 35 በመቶው የሚሰላው በሰዓቱ በመክፈላችሁ ነው። 30 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ባለባችሁ ዕዳ፤ እዚህ ውስጥ ከሊሚታችሁ ምን ያህሉን እንደተጠቀማችሁ ትልቅ ቦታ አለው። 300 ሊሚት ላይ 262 ዕዳ ማለት 87 በመቶ ነው። የሰዉን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ክሬዲት ቢሮዎች የሚታያቸው ጫፍ ድረስ የተበደረ ሰው ነው። ምንም ሳይገዛ እንኳ 75ቱ ብቻ ሩቡን በልቶበት ነበር። የ5 ቀኑ መዘግየት ግን መቀጫ እንጂ ሪፖርት ላይ አልወጣም፤ 30 ቀን ካለፈ ነው የሚመዘገበው። ከተመዘገበ 7 ዓመት ይቆያል።

«ይህ እንዴት ሕጋዊ ይሆናል?» ብዬ ፈልጌ ነበር። በፈረንጆች 2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠየቀው ክፍያ ከሊሚቱ 25 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የ300 ሩብ ስንት ነው? 75። ልክ ጫፉ ላይ ነው ያስቀመጡት። 95ቱ ደግሞ አካውንቱ ከመከፈቱ በፊት ስለሚከፈል በዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ተቆጣጣሪዎቹ ይህን ቀዳዳ የሚደፍን ደንብ አውጥተው ነበር። አንድ ካርድ ሰጪ ከሰሳቸው፣ ፍርድ ቤት ደንቡን አገደው፣ በፈረንጆች 2013 ተነሳ። ገደቡ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብቻ በመሆኑ በሁለተኛው ዓመት ወርኃዊ ክፍያ የሚጀምርም አለ። ሊሚት ጨመርንልህ ብሎ ለዚያውም የሚያስከፍል አለ። ሁሉም ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ከፖስታው ጀርባ ወይም ከማመልከቻው ጋር ያለው ሰንጠረዥ ላይ ወለዱም፣ የዓመቱም፣ የወሩም ክፍያ መቀመጥ አለበት። «እንኳን ደስ አለህ» የሚለውን ትታችሁ እሱን አንብቡ።

ካርዱ መጥቶላችሁ ገና ካልተጠቀማችሁበትና ክፍያውንም ካልከፈላችሁ አልፈልግም ማለት ትችላላችሁ፤ የዓመቱን ክፍያ የመክፈል ግዴታ የለባችሁም። ወንድሜ ገዝቶበት ስለነበር ይህ አለፈው። እኛ ያደረግነው ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ከፍለን መዝጋት ነው። ደወልን። ሴትዮዋ ሊሚት ልጨምርልህ፣ ክፍያ ልቀንስልህ እያለች ሦስት ጊዜ መለሰችው። «አመሰግናለሁ፣ ዝጉልኝ» ብቻ በል አልኩት፣ እሱኑ ደጋገመ። መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤም ጠየቀ። የዘጋችሁ ሰዎች፣ በሚቀጥለው ወር የመጨረሻ ቁራጭ ወለድ ሊመጣ ይችላልና ስቴትመንቱን ሳታዩ አትተዉ።

አሁን ክሬዲት ዩኒየን (አባላቱ ባለቤት የሆኑበት የቁጠባና ብድር ማኅበር) ገብቶ ሴኪዩርድ ካርድ አውጥቷል። 200 ዶላር አስይዟል፣ የዓመት ክፍያ የለውም። በፌዴራል ፈቃድ የሚሠሩ ክሬዲት ዩኒየኖች ከ18 በመቶ በላይ ወለድ ማስከፈል አይፈቀድላቸውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ እዚያ ብትጠይቁ ይሻላል። ካርዱ ላይ የስልክ ክፍያው ብቻ ነው ያለው፣ ወደ 40 ዶላር። ከባንክ ሂሳቡ በራሱ ጊዜ ሙሉው እንዲቆረጥ አድርገነዋል። ሚኒመሙ (የወሩ ትንሹ ክፍያ) አይደለም፣ ሙሉው። ካርዱን ኪሱ አይዘውም፣ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጃችሁ ከ21 ዓመት በታች ከሆነ የራሱ ገቢ እንዳለው ካላሳየ ብቻውን ካርድ አይሰጠውም። ያኔ አብራችሁ እንድትፈርሙለት ይለምናችኋል። ከፈረማችሁ ዕዳው የእናንተም ነው። በእናንተ ካርድ ላይ ተጠቃሚ አድርጎ ማስገባት ሌላው መንገድ ነው፤ የሚጠቅመው ግን እናንተ በሰዓቱ የምትከፍሉ ከሆነ ነው፣ የእናንተ መዘግየት እሱንም ሊነካው ይችላል። ስንቶቻችን ዕቁብ አንድ ቀን ሳናሳልፍ ለዓመታት ጥለናል። እዚህ አገር ያንን የሚያይልን ቢሮ የለም። ልጆቻችንም ለዚህ ነው በማያውቁት ወረቀት ፊት ብቻቸውን የሚቆሙት።

እንዲህ ያለው የካርድ ፖስታ እንዲቀርላችሁ ከፈለጋችሁ 1-888-567-8688 ደውሉ፤ የክሬዲት ቢሮዎቹ የከፈቱት መስመር ነው፣ ለ5 ዓመት ያስቆምላችኋል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠይቃል፣ ስለዚህ ቁጥሩን በትክክል አይታችሁ ደውሉ። እኛ ቤት የወንድሜን አስቁመናል። የእኔን እስክናስቆም ድረስ ግን ባለፈው ሳምንት አንድ ሌላ መጣ። ወንድሜ ከፖስታ ሳጥኑ አውጥቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ከፍቶ ሰንጠረዡን ፈለገ። «እህቴ፣ 125 ነው የዓመቱ» አለኝና ቀደደው።