ድንችና የተፈጨ ሥጋ በኦቨን፦ ድንቹ በስሱ ይቆረጥ ወይስ ተቀቅሎ ይፈጭ?

ሥጋው በሁለቱም መንገድ ያው ነው። ሽንኩርት ይቁላላል፣ ሥጋው ይጨመርና ውሃው እስኪመጥ ይበስላል። ልዩነቱ ድንቹ ላይ ነው።

ጊዜ
ተቆርጦ፦ ጥሬውን ስለሚነባበር በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። መጀመሪያ በፎይል ይሸፈናል፣ በኋላ ይገለጣል።
ተፈጭቶ፦ ሁሉም ቀድሞ ስለበሰለ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል።

ስጋት
ተቆርጦ፦ ቁርጡ ከወፈረ ላዩ ቀልቶ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። እኔም እንግዳ ጠርቼ ይህ ደርሶብኛል፤ በጣም ነው ያዘንኩት። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ከማውጣታችሁ በፊት መሃሉን በቢላ ውጉት፤ ቢላው በቀላሉ ከገባ በስሏል። ከቆረጣችሁት በኋላ ደግሞ አትጠቡት፤ ንብርብሩን የሚያያይዘው ስታርቹ ነው።
ተፈጭቶ፦ ወተት ከበዛበት ይቀጥናል። በብሌንደር ከተፈጨ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ በእጅ ይሻላል።

ወጪ
ብዙም አይለያይም።

እንግዳ ካለና ጊዜ ካላችሁ የተቆረጠውን ምረጡ። ከኦቨን ወጥቶ 15 ደቂቃ ካረፈ ቅርጹን ጠብቆ ይቆረሳል፣ ሲያዩትም ደስ ይላል። ለትንንሽ ልጆች፣ ማኘክ ለሚከብዳቸው፣ ወይም ከትናንት የተረፈ ቅቅል ድንች ላለው ቤት የተፈጨው ይመቻል።