ተደጋጋሚ የጎርፍ ህልም፦ የአያቴ ፍቺ ወይስ የሳይኮሎጂው?

የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ቤታችንን ሲወስድ ስንቴ እንዳለምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ለአያቴ ቡና ላይ ስነግራት መጀመሪያ "ኸይር ነው በይ" ነው የምትለኝ፣ ህልም እንደ ፈቺው ነው ስለሚባል ክፉውን ባፏ አታወጣም፣ ዱዓ ታደርግልኛለች በቃ ቀለል ይለኛል። ግን ህልሙ ተመልሶ ይመጣል።

ሳይኮሎጂው ደሞ ጎርፉ የሚመጣ ነገር ምልክት ሳይሆን ካቅም በላይ የሆነ ፍርሃት ወይ ስትረስ ምስል ሊሆን ይችላል ይላል፣ ከባድ ነገር ያየ ሰው ላይ ቅዠት መደጋገሙም የታወቀ ነው (እኛ ደሴዎች የ1977ቱን ድርቅ ከወላጆቻችን ሰምተን አደግን፣ የ2014ቱን ጦርነት ግን በአይናችን አየን)። እና ደስ የሚለው የሚሰራ ነገር ይሰጥሻል፦ ህልሙን ቀን ላይ ጻፊው፣ መጨረሻውን እንደፈለግሽ ቀይሪው፣ ከዛ አዲሱን በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በሃሳብሽ ተመላለሺበት።

ለመደጋገሙ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ለሌሊቱ ድንጋጤ ግን የአያቴን ድምፅ የሚተካ አላገኘሁም። እኔ መጨረሻውን የቀየርኩት ውሃው ደጃፍ ሲደርስ ሁላችንም ጦሳ ተራራ ላይ ወጥተን፣ አያቴም አብራን ሆና፣ ቁልቁል ስናየው አርጌ ነው።