ኢስቶኒያኛ በኦንላይን፣ ከአዳማ፦ ሦስቱን የተነባቢ ርዝመት ስለምታስተምር መምህርት

ቀድሜ ልናገር፤ ለዚህ ትምህርት የወጣው ገንዘብ አይቆጭም። እዚህ አዳማ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ኢስቶኒያ ውስጥ ታርቱ ከምትኖር የግል አስተማሪ በኦንላይን የምወስደው የአነጋገር ትምህርት ነው። ስሟን አልጠቅስም፤ ስለ ሥራዋ ግን በዝርዝር እናገራለሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ልጄ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ ለመማር ሄዳ እዚያው ትዳር ያዘች። የባሏ እናት እንግሊዝኛ አይችሉም፣ እኔም የሳቸውን አልችልም ነበር። የአንድ ሕፃን ሁለት አያቶች ሆነን በቪዲዮ ዝም ብሎ መተያየቱ አላስቻለኝም።

የኢስቶኒያኛ ከባዱ ነገር ርዝመት ነው። ቋንቋው የፊንላንድኛ የቅርብ ዘመድ ነው። ፊንላንድኛ እንደ አማርኛ አጭርና ረጅም ብሎ ሁለት ይለያል። ኢስቶኒያኛ ግን ሦስተኛ አለው፣ ከረጅምም የረዘመ። «ሊና» ን ላልታ ስትነበብ ተልባ ነው። «ሊንና» ን ስትጠብቅ «የከተማ» ማለት ነው። ያችው ን ከዚያም በላይ ስትጠብቅ «ወደ ከተማ» ይሆናል። እኔ ደብተሬ ላይ «ሊንንና» እያልኩ ነው የምጽፈው። ኢስቶኒያውያን ግን በዚህ ቃል ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ዓይነት አድርገው ነው የሚጽፏቸው። አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ ይለየዋል።

ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። «ገና» ላልቶም ጠብቆም ይነበባል፤ አንዱ ጊዜው አልደረሰም ነው፣ ሌላው በዓሉ ነው። «ዋና» የውኃውም የበላዩም ነው። ፊደላችን አያሳይም፣ ጆሮአችን ግን አይስትም። አዳማ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ዕድል አለ። ኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ ጥብቀቱ በድርብ ፊደል ይታያል። «ባዳ» መጥፎ፣ «ባድዳ» ደጋ። የሰፈሬ ልጆች ይህን የሱቅ ታፔላ ላይ እያነበቡ ነው የሚያድጉት። ስለዚህ የኢስቶኒያኛን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ርዝመቶች ለመለየት እኛ ብዙ አንደክምም። ትግሉ ከሦስተኛው ጋር ነው።

መምህሯ የተካነችውም እዚህ ላይ ነው። «ን ላይ ረዘም አድርገው ይቆዩ» ብላ አላለፈችም። ርዝመቱ ያለው በተነባቢው ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ክፍለ ቃላት መካከል ባለው ሚዛን እንደሆነ አሳየችኝ። ይህን ሚዛን ለክታ ያሳየችው ኢልሴ ሌሂስቴ ናት፤ በ1922 እ.ኤ.አ. ታሊን ተወልዳ አሜሪካ ያስተማረች የድምፅ ሊቅ። በአጭሩ ቃል፣ በ«ሊና»፣ የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ከሁለተኛው ጋር ሲነጻጸር በግምት 2 ለ3 ነው። በረጅሙ 3 ለ2 ይሆናል። በሦስተኛው 2 ለ1። ማለትም መጀመሪያው ሲረዝም መጨረሻው ያጥራል። የድምፅ ውጣ ውረዱም ይለያል። በሁለተኛው ርዝመት ድምፅ ከፍ ብሎ ቆይቶ በመጀመሪያው ክፍለ ቃል መጨረሻ ላይ ይወርዳል። በሦስተኛው ቶሎ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ በወሬ አልተወችውም። ፕራት የሚባል ድምፅን በሥዕል የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም አለ። የኔን «ሊንንና» ቀድታ ከሷ ሥር አስቀመጠችው። የመጨረሻዋ «ና» የት እንደምትጀምር፣ የት እንደምታልቅ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ «ና»ን ብቻ እንዳሳጥር አደረገች። ን ላይ ምንም ሳልጨምር ቃሉ ወደ ቦታው ገባ! አርባ ምናምን ተማሪ በአንድ ክፍል ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ መምህር ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ወደ ችግሩ። እንደ ፕ፣ ት፣ ክ ያሉ ድምፆች ሲረዝሙ የሚረዝመው ዝምታ ነው። አፍ ተዘግቶ ይቆያል፣ ከዚያ ይከፈታል። «ካፒ ኡክስ» የቁም ሳጥኑ በር ነው። «ፓኔ ካፕፒ» ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጥ። ልዩነቱ እዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥም የሚመጣው ዝምታ ነው! አማቼ ፕን አርዝመው ይሁን መስመሩ ተቆርጦ መለየት አይቻልም። መምህሯ ቶሎ ነቃች። አሁን የተነባቢ ልምምዱን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። የድምፅ መልእክት ቢዘገይም ሳይቆራረጥ ይደርሳል። ደግሜ ደጋግሜ እሰማዋለሁ፣ የኔንም እልካለሁ፣ በማግስቱ እርማቱ ይመጣል። ለእኔ ከቪዲዮው ክፍል ይልቅ የጠቀመኝ ይሄ ነው።

በትምህርቶቹ መሃል የምጠቀመው ሰናቬብን ነው፤ የኢስቶኒያ ቋንቋ ተቋም ያዘጋጀው የኦንላይን መዝገበ ቃላት። ነፃ ነው፣ የብዙ ቃላትን ድምፅ ያሰማል። በኢስቶኒያኛ መዝገበ ቃላት ሦስተኛው ርዝመት ከአናባቢው በፊት በምትገባ ትንሽ ሰያፍ ጭረት ይታወቃል። ጭረቷ የዕለት ጽሑፍ ላይ የለችም፤ ለተማሪ ግን ወርቅ ናት።

ቅር ያለኝም አለ። የምትልከው ማስታወሻ በእንግሊዝኛና በሩሲያኛ ብቻ ነው። ምሳሌዎቿም ሁለቱን ቋንቋዎች ለሚናገር ሰው የተሰናዱ ናቸው፤ ጥብቀትን ከሀ ጀምረው ያስረዳሉ። ለአማርኛ ተናጋሪ ያ ሁሉ ገጽ ትርፍ ነው። ነግሬያት በጥሞና ሰማችኝ፣ ማስታወሻው ግን እስካሁን ያው ነው። ክፍያው በዩሮ ስለሆነ ከዚህ ሆኖ መክፈል ራስ ምታት ነው። እኔ ልጄ ትከፍልልኛለች፤ ውጭ አገር ሰው የሌለው ይቸገራል። ሰዓትም አለ። በበጋቸው ሰዓታችን እኩል ነው። በክረምታቸው እነሱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከምሽቱ 1 ሰዓት የነበረው ትምህርቴ ያኔ 2 ሰዓት ይሆናል፤ እራት ሰዓት ላይ ማለት ነው።

የጆሮ ማዳመጫ ግዴታ ነው። የኔ ቤት መንገድ ዳር ስለሆነ ባጃጁ ሲያልፍ በስልኩ ስፒከር ምንም አይሰማም። ውድ መሆን የለበትም፣ ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚይዝ ይሁን።

ቪዛ ለማግኘት ወይም ሰላምታ ለመለዋወጥ ብቻ ለምትፈልጉ ይህን ያህል ጥልቀት አያስፈልግም። እዚያ ለምትኖሩበት፣ ለምትማሩበት፣ ወይም እንደኔ ለተዛመዳችሁት ግን ከመጀመሪያው ትክክለኛ መምህር ያዙ። ከመክፈላችሁ በፊት «የከተማ» እና «ወደ ከተማ» የሚሉትን አስብሏትና ልዩነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ጠይቁ። «ን ትረዝማለች» ብላ ከቆመች ሌላ ፈልጉ። ስለ መጨረሻዋ «ና» ከተናገረች ቀጠሮ ያዙ።