ደሴ ያሠራሁት ተንሸራታች ጣሪያ

ቦሩ ሜዳ፣ ግቢያችን ጥግ ላይ አንዲት የብሎኬት ክፍል አለች። ቴሌስኮፔ የሚያድረው እዚያ ነው። ጣሪያውን የሠራልኝ ደሴ ያለ አንድ ብየዳ ቤት ነው። የግቢ በር እንጂ የኮከብ ማያ ሠርተው አያውቁም። ግን ተንሸራታች በር የሚያውቅ ሰው የዚህን ሥራ ግማሹን ያውቀዋል።

«ልጄ፣ ጣሪያ ከፍተሽ በርበሬ ልታሰጪ ነው?» አሉኝ በያጁ ጋሼ። ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎቼን ሳሳያቸው ሜትራቸውን አነሱ።

የተከራከርነው በአቅጣጫው ነው። እሳቸው ቦታው ስለሚሰፋ ጣሪያው ወደ ደቡብ ይንሸራተት አሉ። እኔ ሰሜን አልኩ። እኛ አገር የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የምትርቀው 11 ዲግሪ ብቻ ነው። ክንድ ዘርግቶ ከተጨበጠ ቡጢ ብዙም አይበልጥም። ደቡቡ ግን ሀብት ነው። የካሪና ኔቡላ የተባለው የሚያበራ የጋዝና የአቧራ ደመና በየካቲት እኩለ ሌሊት ላይ 19 ዲግሪ ያህል ይወጣል። ያንን በቆርቆሮ መጋረድ ግፍ ነው! የቴሌስኮፕ ማቆሚያ አብዛኛውን ጊዜ የሚስተካከለው በሰሜን ኮከብ ነው፤ እሷ ብትከለልም ግን ኒና የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሰማዩን ሦስት ቦታ ፎቶ አንስቶ ማቆሚያውን ወዴት ማዞር እንዳለብኝ ይነግረኛል።

ብየዳው ንጹህ ነው። ኩሽኔታው ጥሩ ስለሆነ ጣሪያውን በአንድ እጄ እገፋዋለሁ። ንፋስ እንዳያነሳውም ከሀዲዱ ሥር የሚይዝ ብረት ሳልጠይቃቸው ጨመሩበት።

ሐምሌ ላይ ግን ዝናቡ በጣሪያውና በግድግዳው መሀል ገባ። ስደውል «ነገ»፣ ስደውል «ነገ»። ቴሌስኮፑን ላስቲክ አልብሼ 11 ቀን ጠበቅኩ። በጣም ነው የተናደድኩት። ሲመጡ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ወደ ታች የሚወርድ ላሜራ በየዱበት፤ ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልገባም። እናንተ ስታሠሩ ላሜራውን ከመጀመሪያው እዘዙ።

ኤሌክትሪኩን ራሴ ሠራሁት። ጣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ይዘጋል። ዝናብ ሲነካው ሴንሰሩ አርዱዪኖ ለሚባለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ይነግረዋል፤ መጀመሪያ ቴሌስኮፑ ይተኛል፣ ከዚያ ጣሪያው ይሄዳል። ማግኔት ስዊቹ መተኛቱን ካላረጋገጠ ጣሪያው ንቅንቅ አይልም።

ባለፈው የካቲት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባነንኩ። ጋቢዬን ደርቤ ሮጥኩ። ጣሪያው ተዘግቷል። ሌንሱን በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነበር።