የጥቁር አፈር ግቢ ላላችሁ ሁሉ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በቅድሚያ ለማመስገን ነው፤ ቀጥሎም ክረምቱ ግቢውን አበላሽቶበት ምን እንደሚያደርግ ግራ ለገባው ሰው አንድ ባለሙያ ለመጠቆም። ባለሙያው አትክልተኛ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል፤ የትውልድ አገራቸው ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ አጥብቀው ስላሳሰቡኝ እኛ ቤት እንደምንጠራቸው "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ። እማዬ ግን በዕድሜ ስለምትበልጣቸው "ወንድሜ" ትላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ "እትዬ" ይሏታል።

ቤታችን ሰሚት ነው። በዚያ በኩል የኖረ ሰው አፈሩን ያውቀዋል፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ሲረጥብ ጫማ የሚነጥቅ፣ ሲደርቅ ዶማ የሚመልስ። ገበሬው መረሬ ይለዋል። አዲስ አበባ የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው፤ ያ ሁሉ ውሃ እንዲህ ያለ አፈር ላይ ሲወርድ መውረጃ ያጣል። ዘንድሮ መስቀል ሲያልፍ ግቢያችን ለዓይን የሚያስጠላ ነበር። የጽጌረዳዎቹ ቅጠል ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል፤ የሥጋ መጥበሻው አንድ ጎን ደርቋል፤ ሎሚው አዲስ ቅጠል ማውጣት አቁሟል፤ ጎመኑን ቀንድ አውጣ ወንፊት አድርጎታል። ደህና የነበረው ሙጃው ብቻ ነው፤ እሱ ወገብ ደርሷል። እማዬ ለቡናዋ የምትቀነጥሰው ጤና አዳም የሞተ ዕለት ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ።

በመጀመሪያ ያስመጣነው ሌላ ሰው ነበር። ቆሞ ዙሪያውን ተመለከተና፣ አፈሩን ሳይነካ፣ ያለው ሁሉ ተነቅሎ አፈሩ ግማሽ ሜትር ያህል ተዝቆ መውጣት እንዳለበት፣ በምትኩም ቀይ አፈር በሲኖትራክ መምጣት እንዳለበት ነገረን። ዋጋውን ሲጠራ እማዬ ሻይ መቅዳቷን አቆመች።

ጋሼን ያገኘናቸው ከዚያ በኋላ በጎረቤት ጥቆማ ነው። ሲገቡ ስለ ተክሎቹ አንድም ነገር አልጠየቁም፤ የጠየቁት ዝናብ ሲዘንብ ውሃው የት የት እንደሚተኛ ነው። ከአጥሩ ሥር እስከ ክርን የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ከሥሩ ያወጡትን አፈር አሽተው አሸተቱት፤ እንዳሸተውም ወደ አፍንጫዬ አስጠጉልኝ። የተቋጠረ ውሃ የሚሸተው ዓይነት ሽታ ነበረው። "ነገ ጠዋት እዩትና ደውሉልኝ" ብለው ሄዱ። ሌሊቱን ጠብታ አልዘነበም፤ ጠዋት ግን ጉድጓዱ ግማሹ ድረስ ውሃ ሞልቶ አገኘነው። ስደውልላቸው፦ "አትክልቱ አልታመመም፣ ሰጥሟል" አሉኝ።

ቆይተው እንዳስረዱኝ፣ ሥርም አየር ይፈልጋል። ውሃ የአፈሩን ቀዳዳ ሁሉ ሲይዘው ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ ከላይ ሲታይ የተጠማ ይመስላል፤ ባለቤቱም ያዝንና ውሃ ይጨምርለታል። ስለ ቀይ አፈሩም ጠየቅኋቸው። ጥቁር አፈር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ልል አፈር ቢሞሉበት ውሃው ከዙሪያው ወደ ጉድጓዱ ይሰበሰባል፤ ከሥር መውጫ ስለሌለውም እዚያው ተጠራቅሞ ይቀራል። ስለዚህ መውጫ ሳይበጅለት የሚመጣ አፈር፣ ቀይም ሆነ ጥቁር፣ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን የምነግራችሁ እሳቸውን እንዳምን ያደረገኝን ነገር ነው። ሥራው ይጀመራል በተባለበት ቀን ረዳታቸውን ይዘው መጡ። ከግቢው መሃል ጭብጥ አፈር አነሡና በመዳፋቸው ጨመቁት። መዳፋቸውን ሲከፍቱ አፈሩ የጣቶቻቸውን ምልክት ይዞ ቀረ፤ በአውራ ጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ጎበጠ እንጂ አልፈረሰም። "ገና ነው ልጄ፤ ዛሬ ብንነካው ጡብ ነው የምንሠራው" ብለው ቁርሳቸውን በሉና ሄዱ። ለዚያ ቀን ሳንቲም አልተቀበሉም። ሁለት ሰው ከሌላኛው የከተማው ጫፍ በታክሲ መጥቶ በባዶ እጁ መመለሱ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ጥቁር አፈር እርጥብ ሳለ ከረገጡትና ከገለበጡት ይታሸግና ሲደርቅ ጓል ይሆናል፤ እንዲደርቅ በጣም ከጠበቁት ደግሞ ዶማ አይገባውም። የሚሠራበት ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው አጭር ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ሲመጡ ያንኑ ጭብጥ ደገሙት፤ አውራ ጣታቸው ሲነካው ተፍረከረከ። ያን ጊዜ ነው ኮታቸውን ያወለቁት።

የሠሩት ሥራ ባጭሩ የጅሩ ሥራ ነው። የጅሩን ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው በሰንጋው ነው፤ የበዓል ገበያ ላይ ስሙ ሲጠራ ሁላችንም ሰምተናል። ነገር ግን በወረዳው ከተማ በእነዋሪ ዙሪያ ያለው ገበሬ ሌላም የሚታወቅበት ነገር አለው። ማሳው በበሬ ከታረሰ በኋላ ቤተሰቡ ወጥቶ ጥቁሩን አፈር በእጁ እየሳበ ሰፊ መደብ ያነሣል፣ በመደቦቹም መካከል ውሃ የሚወርድበት ቦይ ይተዋል። ጋሼ በልጅነታቸው ከእናታቸውና ከእኅቶቻቸው ጋር ሲያበጁት የኖሩት ይህንን ነው። በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ ማረሻችንን በማሻሻል በበሬ እየተጎተተ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። መደቡ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ብዙም አልተደነቁም። "መሣሪያው ጥሩ ነው፤ የእጅን ያህል ግን አያለሰልስም" አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

የእኛ ግቢ መደቦች ከፍታቸው አንድ ስንዝር ያህል ነው፤ ስፋታቸው ከሁለቱም ወገን ሰው እጁን ሲዘረጋ መሃላቸው የሚደረስበት ነው። ምክንያቱም መደብ ላይ ከእንግዲህ ማንም አይረግጥም፤ ልጆቹም፣ ውሻውም፣ እማዬም። ቦዮቹ አንድ አካፋ ያህል ሰፍተው ሁሉም ወደ በሩ፣ ከዚያም ወደ መንገዱ የፍሳሽ መውረጃ ያዘነብላሉ። ጋሼ የውሃ ልክ አልያዙም። በባልዲ ውሃ ከላይ ያፈሱና ውሃውን እየተከተሉ ያጎነብሳሉ፤ የቆመበት ቦታ ላይ በጣታቸው መስመር ይስባሉ፤ ረዳታቸው ያን ቦታ ይልጋል፤ እንደገና ያፈሳሉ። እንዲህ እያሉ ውሃው ከኋላው አጥር እስከ በሩ ሳይቆም እስኪደርስ ድረስ ደጋገሙት። እኔ ደክሞኝ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው አልተቀመጡም።

ጽጌረዳዎቹን ከነአፈራቸው አንሥተው ሥራቸውን አሳዩኝ። የበሰበሰው ጠቁሯል፤ በሁለት ጣት ሲስቡት ቆዳው ተገፍፎ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ደህናው ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የሞተውን ቆርጠው፣ ቅርንጫፉንም በዚያው መጠን ቀንሰው፣ ከፍ ባለው መደብ ላይ መልሰው ተከሏቸው። ቅርንጫፍ ሲቆርጡ ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን (አዲስ ቅርንጫፍ ከሚወጣበት እብጠት) ትንሽ ከፍ ብለው፣ መቀሱን አዘንብለው ነው፤ አዲሱ ቅርንጫፍ ወደ ውጭ ስለሚሄድ መሃሉ ነፋስና ብርሃን ያገኛል። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ መቀሱን ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ይጠርጋሉ፤ በሽታ ከተክል ወደ ተክል የሚዞረው በመቀስ ነው ይላሉ። ከዚህ በፊት ግቢያችን ከገቡት ሰዎች ይህን ሲያደርግ ያየሁት የለም።

ሎሚው ትልቅ ስለሆነ አይነሣም። ግንዱን የሸፈነውን አፈር ወደ ኋላ ስበው አንገቱን ገለጡለት፤ ዙሪያውንም ቦይ አወጡለት። ሎሚው የተዳቀለ፣ ማለትም በሌላ ተክል ግንድ ላይ ተቀጥሎ ያደገ ነው። ከተዳቀለበት ቦታ በታች እሾሃቸው የበዛ፣ ቀጥ ብለው የሚያድጉ ለምለም ቅርንጫፎች ነበሩት፤ እኛ ተስፋ ያደረግነው በእነሱ ነበር። ጋሼ ከሥራቸው ቆረጧቸው። እነዚያ የታችኛው ግንድ ልጆች ናቸው፤ የላይኛውን ሎሚ ምግቡን ይቀሙታል እንጂ የተፈለገውን ፍሬ አይሰጡም።

የእማዬ ጥግ ደግሞ እንደገና ተደራጅቷል። ውሃ የሚጠሉት፣ በሞተው ምትክ የተተከለው ጤና አዳምና ሥጋ መጥበሻው፣ ከሁሉም ከፍ ባለው መደብ አናት ላይ ናቸው፤ ኮሰረቱ፣ ዳማከሴውና በሶብላው መሃል ላይ፤ ጠጅ ሣሩ ከቦዩ ዳር። ኮባውን አልነኩትም፣ የተቀደዱትን ቅጠሎች ብቻ ነው ያነሡት፤ ለድፎ ዳቦ የሚፈለገው ደህናው ቅጠል መሆኑን እማዬ ከአጠገባቸው ቆማ ስታስታውሳቸው ነበር።

በመጨረሻ ብስባሽ በመደቦቹ ላይ በተኑና የጤፍ ጭድ ጎዘጎዙበት፤ ከግንዶቹ ግን ትንሽ አራቁት፣ ግንድ እንዳይበሰብስ። ጉዝጓዙ ለውበት አይደለም። ጥቁር አፈር በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሲሰፋ ሥር ይበጥሳል፣ እርጥበትም በዚያው ያመልጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የከብት ፍግ ገዝተን ነበር፤ ትኩስ ስለሆነ ሥር ያቃጥላል ብለው ጥግ ላይ እንዲከመርና እንዲበስል አደረጉት።

አሁን ታኅሣሥ ነው። ጽጌረዳዎቹ አዲስ ቅጠል አውጥተው አብበዋል፤ ሎሚው ለምልሟል። ሁሉም ነገር ዳነ አልላችሁም፤ የሥጋ መጥበሻው የደረቀ ጎን አልተመለሰም። ጋሼ ይህን ገና ከመጀመሪያው ነግረውን ስለነበር ከደህናው ጎን ቁራጭ ወስደው በቆርቆሮ ተከሉልን፤ እሱ ሥር ይዟል።

የማይመቻችሁ ነገር ሊኖር ይችላል፤ እሱንም ልናገር። ርካሽ አይደሉም። ሂሳባቸው በቀን ነው፤ በካሬ ሜትር አይዋዋሉም፣ "በካሬ የሚሠራ ሰው ይቸኩላል" ይላሉ። ብሩን እዚህ የማልጽፈው ዋጋ በየወሩ ስለሚለወጥ ነው። ስልክ ቶሎ አያነሡም፤ በሥራ ሰዓት ጭራሽ። እሑድ አይሠሩም፤ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን ያከብራሉ፤ ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ የቀን መቁጠሪያ አጠገባችሁ ይሁን። መድኃኒት እርጩልኝ ብትሏቸው እሺ አይሉም። ጎመናችን ላይ የነበረውን ክሽክሽ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ያጠቡት በሳሙና ውሃ ነው፤ ቀንድ አውጣውን ማታ ማታ በእጅ እየለቀምን እንድንጨርሰው አዘዙን፣ እኛም ለቀምን። ግቢውን ሙሉ በሙሉ ሣር ማልበስ የምትፈልጉም አትስማሙም። ወንድሜ ስለ ሣሩ ሲከራከራቸው፣ በጋውን ሙሉ በምን ውሃ ሊያጠጣው እንዳሰበ ጠየቁት፤ መልስ አላገኘም፣ ሣሩም ግማሽ ሆነ። እኔ በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ላልሠሩበት ቀን ገንዘብ ባለመቀበልዎ፣ እኔ የጠየቅሁትን ሁሉ ዶማዎን አቁመው በማስረዳትዎ፣ ረዳትዎንም እንደ ልጅ ይዘው ሙያውን በማስተማርዎ ከልብ እናመሰግናለን። እማዬም ጤና ይስጥልኝ ብላለች፤ ጤና አዳሙ ቡና ላይ ደርሷል፣ ይምጡና ይጠጡ።

ለምትፈልጓቸው፦ አሁን በበጋው የቅርንጫፍ ቆረጣ፣ ጉዝጓዝና አዲስ ችግኝ ይሠራሉ፤ መደብና ቦይ ለማውጣት ግን የጥቅምቱ ጊዜ አልፏል። ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት ለማሠራት የምታስቡ ካሁኑ ተነጋገሩ፤ ያን ጊዜ ፈላጊያቸው ይበዛል። በውስጥ መስመር ሰፈራችሁን፣ የግቢያችሁን ስፋትና ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ጻፉልኝ፤ እሳቸውን ጠይቄ ፈቃዳቸው ሲሆን ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ሥራ የሚጀምሩት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ በር የሚከፍትላቸው ሰው ይኑር።